ቅሬታው ልክ ነው፣ ድምዳሜው ግን ስቷል፦ ስለ መኪና እሽቅድምድም ጨዋታዎችና ስለ ተጨማሪ ክፍያ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጌም ተጫዋቾች መካከል በስፋት ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያነሳው ጉዳይ ክፍት ዓለም ያላቸውን፣ ማለትም ተጫዋቹ በሰፊ ካርታ ላይ እንደ ፈለገ የሚዘዋወርባቸውን የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታዎች የሚመለከት ሲሆን፣ ዋና ዒላማው የፎርዛ ሆራይዘን ተከታታይ ነው። ጽሑፉ በቁጣ የተጻፈ ቢሆንም ከጨዋነት አልወጣም፤ ብዙ ሰው የተቀባበለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጸሐፊው ከዘረዘሯቸው ቅሬታዎች ግማሽ ያህሉን እኔም ደጋግሜ ያሰማኋቸው ናቸው። የማልስማማው ከእነዚያ ቅሬታዎች ተነስተው በደረሱበት ድምዳሜ ነው።

ሐሳባቸውን ሳላዛባ ላቅርበው። በመጀመሪያ፣ እነዚህ ጨዋታዎች ጨዋታ መሆናቸው ቀርቶ መደብር ሆነዋል፤ መንገዱም፣ ተራራውም፣ ዝናቡም ሸቀጥ ለመሸጥ የተዘረጋ መደርደሪያ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ተጨማሪ ጥቅሎችን ያልገዛ ተጫዋች ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ግማሽ ጨዋታ ነው የሚደርሰው ይላሉ። ሦስተኛ፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም፤ አንዴ የተገዛ ጨዋታ የተሟላ ነበር ይላሉ። አራተኛ፣ ተጫዋቾች ደስታ የሚሉት ነገር በሳምንታዊ ሽልማትና በዕጣ መንኮራኩር የተለማመዱት ሱስ እንጂ እውነተኛ ደስታ አይደለም ይላሉ። በመጨረሻም፣ ይህን ሁሉ እያወቀ የሚጫወት ሰው የድርጊቱ ተባባሪ ስለሆነ፣ ሐቀኛው መልስ ጆይስቲኩን አስቀምጦ መውጣት ብቻ ነው ብለው ይደመድማሉ።

ወደ መልሴ ከመግባቴ በፊት መለኪያዬን ልናገር። አንድ የሚሸጥ ተጨማሪ ነገር ጥሩ ወይም መጥፎ መሆኑን የምመዝነው ለገዛው ሰው በሚሰጠው ሳይሆን ላልገዛው ሰው በሚያደርገው ነው። ያልገዛው ተጫዋች ጨዋታ ሳይጎድልበት፣ ሳይዘገይበትና ሳይበለጥ የሚቀር ከሆነ፣ ሽያጩ ሊያናድድ ይችላል እንጂ ጨዋታውን አላበላሸም። የሚጎድልበት፣ ሆን ተብሎ የሚንቀረፈፍበት ወይም በገንዘብ የሚሸነፍ ከሆነ ግን ጸሐፊው ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ጽሑፋቸው እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ጠቅልሎ ስለሚያያቸው ነው መልስ የሚያስፈልገው።

መደብር ሆኗል ከሚለው ልጀምር። እዚህ ላይ ጸሐፊው ስለ መሸጫ ገጾች፣ ስለ ምልክቶችና ስለ ማስታወቂያዎች ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ መንዳት ግን አንድም አንቀጽ አልጻፉም። ስለ እሽቅድምድም ጨዋታ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። በ2021 በወጣው ፎርዛ ሆራይዘን 5 (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ሜክሲኮን መነሻ ያደረገ ዓለም ውስጥ ግራን ካልዴራ የተባለ እሳተ ገሞራ አለ። ወደ እርሱ በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጉልበቱ ከኋላ ጎማ የሚነሳ አሮጌ መኪና ይዞ፣ የማሽከርከር እገዛዎችን አጥፍቶ፣ ማርሹን በእጅ እየቀየረ ቁልቁል የሚወርድ ተጫዋች ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። ኩርባው ከመድረሱ በፊት መኪናው ቀጥ ብሎ ሳለ ፍሬን ይይዛል፤ ከመጠን በላይ ከያዘ ጎማው ሊቆለፍ ሲል የጆይስቲኩ ቁልፍ ከጣቱ ሥር ይንቀጠቀጥና ያስጠነቅቀዋል። ማርሽ ቀንሶ መሪውን ይጠመዝዛል፤ ከኩርባው መውጫ ላይ ነዳጅ በትንሹ ሲሰጥ የመኪናው ኋላ ወደ ውጭ መንሸራተት ይጀምራል። በዚህ ቅጽበት መሪውን በተቃራኒ አቅጣጫ መመለስ አለበት፤ ቢዘገይ መኪናው ይዞራል፣ ቢቸኩል ደግሞ ወደ ሌላኛው ጠርዝ ይወረወራል። ተስተካክሎ ሲወጣ የሚሰማው ነገር ተሽጦለት አያውቅም፤ ሊሸጥለትም አይችልም፤ ምክንያቱም ያገኘው በእጁ ነው።

ይህን ያነሳሁት ስሜት ለመቀስቀስ አይደለም። ጸሐፊው ጨዋታው በሙሉ ለሽያጭ ተብሎ የተቀረጸ ነው ካሉ፣ ክርክሩ በራሱ በቅርጹ መፈተን ስላለበት ነው። ገንዘብ ለማስወጣት የተቀረጸ ጨዋታ የሚታወቅበት መንገድ አለ፦ ተጫዋቹ ነገሩን በልፋቱ የሚያገኝበትን ጊዜ ያረዝማል፣ ቀጥሎም ማሳጠሪያውን ይሸጣል። ፎርዛ ሆራይዘን 5 ግን በወጣበት ቀን ከ500 በላይ መኪኖችን ይዞ ነበር፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ በውድድር በሚገኝ ክሬዲት (የጨዋታው የውስጥ ገንዘብ) የሚገዙ፣ በሽልማት የሚሰጡ ወይም ተጫዋቾች እርስ በርስ በሚገበያዩበት ጨረታ የሚገኙ ናቸው። ክሬዲቱን በእውነተኛ ገንዘብ መግዛት አይቻልም። ዊልስፒን የሚባለው የዕጣ መንኮራኩርም በጨዋታ ውስጥ በሚገኝ ነገር እንጂ በእውነተኛ ገንዘብ አይዞርም። እንዲያውም በዚህ ጨዋታ ላይ ከሚሰነዘሩ ትችቶች አንዱ ተቃራኒው ነው፦ ገና ሳይለፋ ውድ ውድ መኪኖች በተጫዋቹ ላይ ስለሚዘንቡ አንዱንም ሳያጣጥም ያልፋል የሚል ነው። ይህ ትችት ልክ ይመስለኛል። ነገር ግን አንድ ጨዋታ በአንድ ጊዜ በልግስናው የሚያሰለችና በስስቱ የሚያስከፍል ሊሆን አይችልም፤ ጸሐፊው አንዱን መምረጥ አለባቸው።

በስስት የሚያስከፍል ጨዋታ የለም ማለቴ ግን አይደለም። በ2017 የወጣው ኒድ ፎር ስፒድ ፔይባክ፣ ይህም ክፍት ዓለም ያለው ነው፣ የመኪናን አቅም ማሻሻልን በካርዶች ላይ እንዲመሠረት አደረገ። ካርዱ ከውድድር በኋላ በዕድል ይወጣል፤ ያልፈለጉትን ካርድ ሰብስቦ ለሌላ ዕጣ መለወጥም ይቻላል፤ ከዚህ ጎን ለጎን ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገኝ ነጥብና በእርሱ የሚከፈት የዕጣ ሳጥን ነበር። ተጫዋቹ የሚቀጥለውን ውድድር ለማሸነፍ የሚያስፈልገው አቅም እስኪሞላ ድረስ ያለፈውን ውድድር እየደጋገመ እንዲነዳ ይገደድ ነበር። ትችቱ ሲበረታ አዘጋጆቹ ሽልማቱን ከፍ አደረጉ። በ2022 ደግሞ ግራን ቱሪዝሞ 7፣ ክፍት ዓለም ባይኖረውም ለክርክሩ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ በመጋቢት ወር ባወጣው ማሻሻያ የበርካታ ውድድሮችን ሽልማት ቀነሰ፤ በዚያ ጨዋታ ውስጥ ክሬዲት በእውነተኛ ገንዘብ መግዛት ይቻላል። በዚያው ማሻሻያ ሰበብ ጨዋታው ከ30 ሰዓት በላይ አብዛኛው ክፍሉ ሳይሠራ ቆየ። ኩባንያው በኋላ ይቅርታ ጠይቆ ለተጫዋቾች 1 ሚሊዮን ክሬዲት ሰጠ፣ ሽልማቶቹንም አሻሻለ። እነዚህ ሁለቱ ጸሐፊው የገለጹትን በሽታ በትክክል የያዙ ናቸው፤ ላልገዛው ሰው መንገዱ ራሱ ረዝሞበታል። ጽሑፋቸው ቁጣውን በእነዚህ ላይ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ይህን ምላሽ አልጽፍም ነበር። በአንድ ቃል «ሁሉም ያው ነው» ማለት ግን በደለኛውን ከብዙዎች መካከል ደብቆ መልቀቅ ነው።

ወደ ግማሽ ጨዋታ ክርክር ልለፍ። እዚህ ላይ «ተጨማሪ ይዘት» ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር በእውነቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ራሱን የቻለ አዲስ ቦታ ነው። ለፎርዛ ሆራይዘን 3 በ2016 መጨረሻ የመጣው ብሊዛርድ ማውንቴን፣ ለ4ኛው የመጣው ፎርቹን አይላንድ፣ ለ5ኛው በ2023 የመጣው ራሊ አድቬንቸር ሁሉ የየራሳቸው ካርታ ያላቸው ማስፋፊያዎች ናቸው። ፎርቹን አይላንድን ያልገዛ ተጫዋች ከብሪታንያው ዋና ካርታ አንድም መንገድ አልተወሰደበትም፤ ኤድንበራም፣ ክረምት ሲመጣ በረዶ ሆኖ የሚነዳበት ሐይቅም እዚያው አሉ። ማስፋፊያዎቹ ዋናው ጨዋታ ከወጣ ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይተው የመጡ ናቸው። ከዚህ ውስጥ ግማሹ የተቆረጠው የት ላይ እንደሆነ ጸሐፊው አላሳዩንም።

ሁለተኛው ዓይነት መኪና ነው፤ ካር ፓስ በሚባለው አሠራር በየሳምንቱ እየተንጠባጠበ የሚመጣ። እዚህ ላይ ለጸሐፊው ግማሽ መንገድ እሄድላቸዋለሁ። የሚወዱትን መኪና በመኪኖች ዝርዝር ውስጥ አይቶ ሲጫኑት የመሸጫ ገጽ መከፈቱ ያስቆጣል፤ በተለይ መኪናው በቀደመው የተከታታዩ ክፍል ያለ ተጨማሪ ክፍያ የነበረ ሲሆን። ሆኖም በመቶ የሚቆጠሩ መኪኖች ባሉበት ጨዋታ ውስጥ የጥቂቶች መጉደል ቅር ያሰኛል እንጂ ግማሽ አያሰኝም።

ሦስተኛው ዓይነት አቋራጭ ነው፤ ከሦስቱ የማልከራከርለትም ይኸው ነው። ትሬዠር ማፕ የሚባለውን እንውሰድ። የጨዋታው አዘጋጆች በሰፊው ዓለም ውስጥ ሲሰበሩ ጉርሻ የሚሰጡ ሰሌዳዎችን፣ በገጠር ጎተራዎች ውስጥ የተረሱ አሮጌ መኪኖችንና ሌሎች ነገሮችን ይደብቃሉ፤ ተጫዋቹ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ሜዳውን እያቋረጠ፣ ጫካ ውስጥ እየገባ እንዲፈልጋቸው ነው። ከዚያ የተደበቀው ነገር የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ በገንዘብ ይሸጣሉ። ሰው ለመዝናናት የገዛውን ፍለጋ እንዳይፈልግ ድጋሚ ማስከፈል በእኔ እይታ ከሁሉም ሽያጮች አስቂኙ ነው፤ ገዥውን እንጂ ያልገዛውን አይጎዳም፤ ያልገዛው እንዲያውም የተሻለውን ጨዋታ ይዞ ቀርቷል። የውድድር ክሬዲትን እጥፍ የሚያደርገው ቪአይፒ አባልነትም ከዚሁ ወገን ነው፤ ክሬዲት እንደ ጎርፍ በሚፈስበት ጨዋታ ውስጥ የክሬዲት እጥፍ መግዛት ምን እንደሚጠቅም እስካሁን አልገባኝም።

ጸሐፊው በዚሁ ነጥብ ሥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገው ያለፉት ከባድ ክስ አለ፤ በኢንተርኔት በሚደረግ ውድድር የከፈለ ያሸንፋል የሚል ነው። ይህ ከመለኪያዬ ሦስተኛውን የሚነካ ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም። በፎርዛ ሆራይዘን እያንዳንዱ መኪና በአቅሙ መጠን ቁጥር ይሰጠዋል፤ በቁጥሩም በምድብ ይመደባል። ለምሳሌ በፎርዛ ሆራይዘን 5 የኤ ምድብ ከ701 እስከ 800 ነው። ውድድሩ በኤ ምድብ ከሆነ፣ የተገዛውም መኪና በነጻ የተገኘውም መኪና ከ800 ማለፍ አይችልም፤ ስለዚህ በገንዘብ የመጣ ኃያል ሞተር በሩ ላይ ይቆማል። ይህ ቁጥር ፍጹም አይደለም። በአንድ ዓይነት ቁጥር ላይ ሆነው አንዱ በኩርባ ሌላው በቀጥታ መንገድ የሚበልጡ መኪኖች አሉ፤ በተጨማሪ ክፍያ ከመጡት ውስጥም በምድባቸው ጠንካራ የሆኑ ይገኛሉ። ይህን አምናለሁ። ነገር ግን በየምድቡ ጠንካራ የሚባሉ ብዙ መኪኖች በመሠረታዊው ጨዋታ ውስጥ አሉ፤ በሕዝብ ውድድር ውስጥ ሰው የሚሸነፈውም በአብዛኛው የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ፍሬን በማያውቁ ተወዳዳሪዎች ተገፍቶ ነው። ለዚህ በሽታ የሚሸጥ መድኃኒት እስካሁን አልወጣም።

ቀድሞ መግባትን በገንዘብ ስለመሸጥ ያሉትን ግን ያለ ምንም ማስተባበያ እቀበላለሁ። ፎርዛ ሆራይዘን 5 ለሁሉም የተለቀቀው ኅዳር 9 ቀን 2021 ሲሆን ውዱን እትም የገዙ 4 ቀን ቀድመው ገብተዋል። ያለቀ ጨዋታን በር ላይ አቁሞ ለትዕግሥት ዋጋ ማውጣት ነው፤ ጥቅሙ ለማን እንደሆነም ግልጽ ነው።

ድሮ ሁሉ ንጹሕ ነበር የሚለው ክርክር ትዝታን እንደ ማስረጃ ያቀርባል። ጸሐፊው የጠቀሱት ወርቃማ ዘመን ውስጥ በርንአውት ፓራዳይዝ አለ፤ እኔም የምወደው ጨዋታ ነው። በ2008 መጀመሪያ ወጥቶ በዚያው ዓመት ሞተር ብስክሌቶችን ጨምሮ ብዙ ነገሮችን በነጻ ማከሉ እውነት ነው፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ያው ጨዋታ የአሻንጉሊት መኪኖችን፣ ዝነኛ መኪኖችንና በ2009 ደግሞ ቢግ ሰርፍ አይላንድ የተባለውን ደሴት በክፍያ ሸጧል። ታይም ሴቨርስ የሚባል፣ መኪኖቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚከፍት ጥቅልም ነበረው። ዛሬ ጸሐፊውን የሚያበሳጫቸው አቋራጭ መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያም በፊት በ2006 የኦዋሁን ደሴት በሙሉ ከፍቶ ለብዙዎቻችን ክፍት ዓለም ምን እንደሆነ ያሳየን ቴስት ድራይቭ አንሊሚትድ በኤክስቦክስ 360 ላይ ተጨማሪ መኪኖችን በክፍያ ያቀርብ ነበር።

ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ከሄድን ጸሐፊው ልክ ይሆናሉ። በፕሌይስቴሽን 2 ላይ በ2004 የወጣውን ኒድ ፎር ስፒድ አንደርግራውንድ 2ን የገዛ ሰው ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አግኝቷል፤ ከዚያ በኋላ የጠየቀው የለም። ግን ያ ጨዋታ የእውነተኛ ኩባንያዎችን ማስታወቂያ በከተማው ጎዳናዎች ላይና በመልእክት ማሳያው ላይ ለጥፎ ነበር የመጣው። ገንዘብ የሚመጣበት በር ተለወጠ እንጂ ንግድ ያልገባበት ዘመን አልነበረም። በሁለቱ መካከል ምርጫ ቢሰጠኝ፣ በሌሊት ስነዳ ፊቴ ላይ ከሚደቀን የምግብ ቤት ማስታወቂያ ይልቅ አልገዛም ብዬ የማልፈውን ማስፋፊያ እመርጣለሁ፤ ሌላው ሰው ተቃራኒውን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

አራተኛው ነጥብ፣ ማለትም ደስታው የተለማመዱት ሱስ ነው የሚለው፣ ከጽሑፉ ጠንካራው ክፍል ነው። ከፎርዛ ሆራይዘን 4 ጀምሮ ወቅቶች በየሳምንቱ ይቀያየራሉ፤ ከእነርሱ ጋርም ፌስቲቫል ፕሌይሊስት የሚባለው የሥራ ዝርዝር ይቀየራል። በሳምንቱ ውስጥ የተባለውን ያላደረገ ሰው የሳምንቱን መኪና ያጣል፤ መቼ እንደሚመለስም አይታወቅም። ይህ አሠራር ጨዋታን ወደ ግዴታ ሊለውጥ እንደሚችል አልክድም፤ መንዳት ሳይፈልጉ፣ ዝርዝሩ የሚቀየርበት ሐሙስ ከመምጣቱ በፊት ለመጨረስ የሚሯሯጡ ሰዎች አሉ። ጸሐፊው ግን አንድ ነገር አላስተዋሉም። ይህ ሁሉ ነጻ ነው። ሰውን የሚያስረው ገመድና በገንዘብ የሚሸጠው ዕቃ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ነጥቡ እውነት ቢሆን እንኳ የጽሑፉን ዋና ክስ፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍያ ጨዋታውን ገደለው የሚለውን፣ አይደግፍም፤ የሚደግፈው የጊዜ ገደብ ያለው ሽልማት ጨዋታን ይጎዳል የሚል ሌላ ጽሑፍን ነው። ያንን ጽሑፍ ቢጽፉት በደስታ አነባለሁ።

ደስታውስ እውነተኛ ነው ወይ? ለዚህ ፈተናው ቀላል ነው፤ ሽልማት በሌለበት ሰው ይነዳል ወይስ አይነዳም? የፎርዛ ሆራይዘን 4 አዘጋጆች አዲስ ይዘት መጨመር ካቆሙ በኋላ እንኳ በዚያ ጨዋታ ውስጥ ሰዎች በዝናብ ውስጥ ተሰልፈው መኪኖቻቸውን ሲያሳዩ፣ ተራራ ላይ ሲንሸራተቱ፣ ያለ ምንም ውድድር በቡድን ሲነዱ ይታዩ ነበር። እርግጥ ነው፣ በካርታው ዙሪያ የሚደረገውን ጎልያድ የተባለ ረጅም ውድድር ክሬዲት ለመልቀም ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚደጋግሙትም ብዙ ናቸው። ሁለቱም ዓይነት ሰው አለ። ከሁለተኛው ተነስቶ ስለ መጀመሪያው መፍረድ፣ ጸሐፊው ፈጽሞ የማያውቁትን ሰው ስሜት ከራሱ በላይ አውቃለሁ ማለት ይሆናል። ደስ ብሎኛል ለሚል ሰው «አልተደሰትክም» ብሎ መመለስ ክርክር አይባልም።

የመጨረሻው ነጥብ የተጫዋቾች ተባባሪነት ነው፤ ቅር ያሰኘኝም ይህ ነው። ጽሑፉ በኩባንያዎች ላይ ተጀምሮ በተጫዋቾች ላይ አለቀ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ሆነ። ሐቀኛው መልስ መውጣት ብቻ ነው የሚለው አቋም ታሪክም አይደግፈውም። በ2017 የሆራይዘን እኅት ተከታታይ የሆነው ፎርዛ ሞተርስፖርት 7 ሲወጣ፣ በቀደሙት ክፍሎች ለሁልጊዜ የነበረው የቪአይፒ እጥፍ ክሬዲት ተቀይሮ ለ25 ውድድር ብቻ የሚያገለግል ሆኖ ተገኘ። ይህን ያወቁት ገዝተው የገቡት ናቸው፤ የጮኹትም እነርሱ ናቸው፤ ኩባንያውም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞው መለሰው። በዚያው ጨዋታ በክሬዲት ይከፈቱ የነበሩት የዕጣ ሳጥኖችም በተቃውሞው ምክንያት በ2018 እንዲወጡ ተወሰነ። ግራን ቱሪዝሞ 7 ሽልማቱን እንዲያስተካክል ያስገደደውም ጨዋታውን ይዘው ዝቅተኛ ነጥብ የሰጡት፣ ስሌቱን ቁጭ ብለው ሠርተው ይህን መኪና ለማግኘት ይህን ያህል ሰዓት ያስፈልጋል እያሉ ያጋለጡት ተጫዋቾች ናቸው። አንድን የዋጋ ለውጥ ለማጋለጥ የትናንቱንና የዛሬውን ሽልማት ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል፤ ይህን የሚያየው ደግሞ ትናንትም ዛሬም እየነዳ ያለ ሰው ነው።

መውጣት የሚፈልግ ይውጣ፤ ገንዘቡም ጊዜውም የራሱ ነው፤ ውሳኔውም ክብር ይገባዋል። ነገር ግን መሠረታዊውን ጨዋታ ብቻ ገዝቶ፣ ማስፋፊያውን ግምገማ እስኪወጣ ጠብቆ፣ አቋራጩን ጨርሶ ሳይነካ የሚጫወት ሰውም የሚያስተላልፈው መልእክት አለ። ይህ መልእክት ከፍጹም ዝምታ ይልቅ በዝርዝር የተጻፈ ነው፤ የቱ እንደተሸጠና የቱ መደርደሪያ ላይ እንደቀረ በሽያጭ ቁጥር ውስጥ ይነበባል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስገረመኝ ጽሑፉ ሳይነካው የቀረው ጉዳይ ነው። ያልገዛውንም የገዛውንም እኩል የሚጎዳ ነገር ካለ፣ ጨዋታው ራሱ መጥፋቱ ነው። የመኪና አምራቾችና የሙዚቃ ፈቃዶች የጊዜ ገደብ ስላላቸው እነዚህ ጨዋታዎች ከመሸጫ ይወርዳሉ። የመጀመሪያው ፎርዛ ሆራይዘን በ2016፣ ሁለተኛው በ2018፣ ሦስተኛው በ2020፣ አራተኛው ደግሞ ታኅሣሥ 15 ቀን 2024 ከዲጂታል ሽያጭ ወጥተዋል። ተጨማሪ ጥቅሎቹም እንዲሁ ይወርዳሉ፤ ቆይቼ እገዛዋለሁ ያለ ሰው ያመልጠዋል። ቢያንስ ቀድሞ የገዛው ሰው አውርዶ መጫወቱን ይቀጥላል። በ2014 በወጣው በዘ ክሩ የሆነው ግን ከዚህ የከፋ ነው። ጨዋታው ለብቻ በሚነዱበት ጊዜ እንኳ በኢንተርኔት ከኩባንያው ሰርቨር (ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ጋር ካልተገናኘ የማይሠራ ነበር፤ አሳታሚው ዩቢሶፍት መጋቢት 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ሲዘጋ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያካተተው ያ ሁሉ መንገድ ለማንም የማይከፈት ሆነ። ሁሉንም ማስፋፊያ የገዛውና አንዱንም ያልገዛው በዚያ ቀን እኩል ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ የተባለው ዘመቻ የተነሳው ከዚህ ነው፤ ለአውሮፓ ኅብረት የተዘጋጀው አቤቱታም እስከ 2025 አጋማሽ ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስቧል። የዘመቻው ጥያቄ ጨዋታውን ሠርታችሁ ለዘላለም አገልግሉን የሚል አይደለም፤ ድጋፉን ስታቆሙ የገዛነውን መጫወት በሚቻልበት ሁኔታ ተዉልን የሚል ነው። ይህን የጠየቁት ደግሞ ጨዋታዎቹን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ደስታቸው ሱስ ቢሆን ኖሮ ወደሚቀጥለው ሱስ ይሻገሩ ነበር እንጂ ስለ ተዘጋ የ10 ዓመት ጨዋታ አይሟገቱም ነበር። ዩቢሶፍትም በመስከረም 2024 ለዘ ክሩ 2 እና ለዘ ክሩ ሞተርፌስት ከመስመር ውጭ የሚሠራ አማራጭ እንደሚያዘጋጅ አስታውቋል። ለእነዚህ ሁለቱ ይህን ማድረግ ከተቻለ፣ ለቀሪዎቹ የማይቻልበትን ምክንያት ማስረዳት የአዘጋጆቹ ፈንታ ነው፤ ጸሐፊው ቁጣቸውን ከተጫዋቾች ላይ አንስተው ይህን ጥያቄ ቢያቀርቡላቸው እኔም ከጎናቸው እሰለፋለሁ።